ጋደም ሲሉ ያፍንዎታል?

“በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?” የሚለው ጥያቄ ስለ ልብ ሕመም በሚያስተምሩ የነርስነት መጻሕፍት ውስጥ በብዛት ይገኛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ሲጋደም ቀኑን እግሩ ላይ የዋለው ፈሳሽ ወደ ደም ሥር ተመልሶ ወደ ደረቱ ይመጣል። ጤነኛ ልብ ይህን ጭማሪ ሳይታወቀው ወደፊት ይገፋዋል። የደከመ ልብ ግን ስለማይችል ደሙ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል፣ ትንፋሽም ያጥራል። በሽተኛው ማንም ሳይነግረው ከፍ ብሎ መተኛት ይጀምራል። አንዱ ትራስ ሁለት፣ ሁለቱ ሦስት ይሆናሉ፤ የትራሱ ብዛት የሕመሙ መለኪያ ይሆናል።

ጥያቄው የተዘጋጀው ግን ትራስ ለሚደራርብ ሰው ነው። መደብ ላይ ጋቢውን ጠቅልሎ ለሚተኛ ገበሬ ሲቀርብለት “ኧረ እኔ ትራስ የለኝም” ይላል፤ ካርዱ ላይም “ሲተኛ የትንፋሽ ማጠር የለበትም” ተብሎ ይሰፍራል። ሰውየው ግን ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ማደር ከጀመረ ሰንብቷል። ልምድ ያላት ሲስተር ጥያቄውን ከሰውየው ቤት አምጥታ ትጠይቃለች፦ “አባባ፣ ጋደም ሲሉ ያፍንዎታል? ሌሊት እንቅልፍ ከወሰደዎት በኋላ ድንገት አፍኖዎት ተነሥተው፣ በር ከፍተው ደጅ ወጥተው ያውቃሉ?” ብዙ ጊዜ መልሱን የሚሰጠው አጠገቡ የቆመው አስታማሚ ነው። “እሱማ ከፍልሰታ ወዲህ ተኝቶ አያውቅም” ትላለች ሚስቱ። በሽተኛው ራሱ እንደ ሕመም አልቆጠረውም ነበር፤ እርጅና መስሎታል።

የልብ ሕመም ቀድሞ የሚያዘው በበሽተኛው ኑሮ ልክ በተጠየቀ ጥያቄና ሳይቸኩሉ በተቆጠረ ቁጥር እንደሆነ አምናለሁ። የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ፣ ያለው ከተማ ነው። ቫልቭ፣ ማለትም የልብ በር፣ የሚጠግን ቀዶ ሐኪም ያለው ደግሞ ከጥቂት ከተሞችም በጥቂቶቹ ብቻ ነው። በሽተኛው መጀመሪያ የሚደርሰው ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ጋ ነው። የበሽታውን ስም የሚያረጋግጠው ሐኪሙ ይሁን እንጂ፣ ሐኪም ዘንድ ማን ዛሬ፣ ማን በቀጠሮ እንደሚደርስ የሚወሰነው በእሷ ዓይንና እጅ ነው።

ድካምን መለካትም እንደ ትራሱ ነው። የኒው ዮርክ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣው አመዳደብ የልብ ድካምን በአራት ደረጃ ይከፍላል፤ የመጀመሪያው ምንም የማይከለክል፣ አራተኛው በተቀመጡበትም ትንፋሽ የሚያሳጥር ነው። ደረጃውን ለማወቅ የተለመደው ጥያቄ “ስንት ፎቅ ደረጃ ይወጣሉ?” የሚል ነው። ፎቅ ለሌለበት መንደር ሌላ መስፈሪያ ያስፈልጋል። ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴት ጀሪካኗን መንገድ ላይ ስንቴ አውርዳ ታርፋለች? ባለፈው ዓመትስ? ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ዳገት ላይ ከሆነ ከእኩዮቿ ጋር እኩል ትደርሳለች? ዋናው “ባለፈው ዓመትስ?” የሚለው ነው። የልብ ድካም ቀስ እያለ ሲመጣ ሰው ኑሮውን ያጠብባል፤ ዳገቱን ይተዋል፣ ገበያውን ለልጅ ይልካል፣ ከዚያ “ምንም አይለኝም” ይላል። እውነቱን ነው፤ የሚያደክመውን ሁሉ ትቶታልና።

ጥያቄው ሳያልቅ ምርመራው ተጀምሯል። ነርሷ በሽተኛው ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲመጣ አይታዋለች፤ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረሱን ሰምታለች። ቀጥሎ ቀለሙን ታያለች፤ እዚህ ላይም መጽሐፉን እንዳለ መከተል ያሳስታል። ኦክስጅን ሲያንስ የሚመጣው መጠቆር ጠይም ፊት ላይ በቀላሉ ስለማይታይ ከንፈርንና ድድን እዩ ይባላል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ግን ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ብዙ ናቸው። ንቅሳቱ ሰማያዊ ጥቁር ስለሆነ ጤነኛዋን የታመመች ያስመስላል፣ የታመመችዋንም ይሸፍናል። የሚታመነው ምላስና የምላስ ሥር ነው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም የራሱ አመል አለው፦ ጣት ሲቀዘቅዝ ወይም ጥፍር ቀለም ሲቀባ ይዋሻል። አዲስ አበባን በመሰለ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ደግሞ የጤነኛ ሰው ቁጥር ከባሕር ዳርቻው ሰው ትንሽ ዝቅ ቢል አያስደነግጥም።

እግር ላይ ያለ እብጠት በአውራ ጣት ይመረመራል። ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ አጥንቱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መልቀቅ ነው፤ ጣቱ ሲነሣ ጉድጓዱ ከቀረ ፈሳሽ አለ። የልብ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር እኩል ይይዛል፣ ማታ ይብሳል። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ግን ፈሳሹ ወደ ወገቡ ስለሚወርድ እግሩ ደርቆ ጀርባው ያበጠ ሊሆን ይችላል፤ ሳያገላብጡ ማለፍ አይገባም። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ሲያርስ የኖረ ሰው ያበጠ እግር ዝሆኔ ሊሆን ይችላል፤ ከታች ከእግሩ ጀምሮ ይወጣል፣ ቆዳውን ያሻክራል፣ ሁለቱ እግሮች ብዙ ጊዜ እኩል አይሆኑም፣ ሲቆይም ሲጫኑት አይሰረጉድም። ኩላሊትና ጉበትም እግር ያሳብጣሉ። ስለዚህ ዓይን ወደ አንገት ይሄዳል። በሽተኛው በ45 ዲግሪ ገደማ ደገፍ ብሎ ሳለ የአንገቱ ደም ሥር፣ ደረት አጥንት ላይ በጣት ከሚዳሰሰው ጉብታ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ሲመታ ከታየ፣ ደም ወደ ልብ ለመግባት ተራ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ያበጠ እግርና የተወጠረ የአንገት ደም ሥር አብረው ሲገኙ ጥርጣሬው ወደ ልብ ያጋድላል።

የልብ ምት ላይ ልቆይ፤ እዚህ ብዙ ይጠፋልና። በሥራ ብዛት 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ተለምዷል። ምቱ እንደ ሰዓት የሚሄድ ከሆነ ብዙ አይጎዳም። የተዛባ ከሆነ ግን በ15 ሰከንድ የሳቱት አንድ ምት በወረቀት ላይ አራት ይሆናል፤ ከሁሉ የሚብሰው፣ መዛባቱ ራሱ ሳይታወቅ ያልፋል። ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ያለበት ለዚህ ነው። ሥርዓት በሌለው አኳኋን የሚዘል ምት ከተገኘ ሁለት ነርሶች በአንድ ሰዓት እያዩ አብረው ይቆጥራሉ። አንዷ የእጅ አንጓ ትይዛለች፤ ሌላዋ ማዳመጫውን ከግራ ጡት በታች፣ አምስተኛውና ስድስተኛው የጎን አጥንት መካከል ታስቀምጣለች። “ጀምሪ” ትባባላሉ። ደቂቃው ሲያልቅ በማዳመጫው 118፣ በእጅ 92 ተቆጠረ እንበል። የጠፉት 26 ምቶች ልቡ ሳይሞላ የመታቸው ናቸው፤ ደሙ ትንሽ ስለነበር እጅ ድረስ አልዘለቀም። ይህ ልዩነት አትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የምት መዛባት ምልክት ነው። በዚህ ሕመም የላይኛው የልብ ክፍል መኮማተሩን ትቶ ይርገበገባል፣ ውስጡ የቆመው ደም ይረጋል፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ግማሽ አካል ሽባ ይሆናል። ሚትራል የሚባለው የልብ በር የጠበበባቸው ወጣት ሴቶች ዘንድ አደጋው ይብሳል። በሁለት ሰውና በአንድ ሰዓት የተገኘ ግኝት የደም ማቅጠኛ እንዲጀመር አድርጎ አንዲትን እናት ከሽባነት ሊያድን ይችላል።

ትንፋሽ መቁጠርም እንዲሁ ደቂቃ ሙሉ ይፈልጋል። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ ስለሚቀይረው፣ ብልህ ነርስ የእጅ ምት የምትቆጥር መስላ አንጓውን እንደያዘች ደረቱን ታያለች። የብዙ ሆስፒታሎች መዝገብ ሲገለጥ ግን ከላይ እስከ ታች ሁሉም በሽተኛ በደቂቃ 20 ጊዜ የሚተነፍስ ይመስላል። ይህ ያሳዝነኛል። ትንፋሽ ከ20 ወደ 28 ሲወጣ ግፊቱ ገና ደህና፣ በሽተኛውም ገና የሚያወራ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው፣ ያልቆጠረውም አያየውም።

የደም ግፊት መለኪያው ጥበብ ከሩሲያዊው ሐኪም ከኒኮላይ ኮሮትኮቭ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 በክንድ ላይ የሚሰማውን ድምፅ ገለጸ፣ ዛሬም በማዳመጫ የምንለካው በእሱ መንገድ ነው። በሽተኛው አምስት ደቂቃ ያርፋል፣ ጀርባው ይደገፋል፣ እግሩ መሬት ይረግጣል፣ ክንዱ ከልቡ ትክክል ይሆናል፣ አያወራም። ጠባብ ማሰሪያ ወፍራም ክንድ ላይ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሹራብና ካፖርት ላይ የተለካ ግፊት መጻፍ የለበትም። ብዙዎች የሚያልፉት ነገር በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ነው። 90 በ75 ስናይ “ትንሽ ዝቅ ብሏል” ብለን እናልፋለን። ልዩነቱ ግን 15 ብቻ ነው፤ ከላይኛው ቁጥር ሩብ እንኳ አይሞላም። የልብ ድካም ባለበት ሰው ላይ እንዲህ ያለ መጥበብ ልቡ በየምቱ የሚያወጣው ደም ማነሱን ይጠቁማል፤ እጁን ቢነኩት ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽተኛ ወረፋ ላይ መቆየት የለበትም።

ልብን የሚጎዳው ሁሉ ከልብ አይጀምርም። በአገራችን የልጆችና የወጣቶችን ልብ በብዛት የሚያበላሸው ሕመም ከጉሮሮ ይነሣል። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ቶንሲል ይታመማል፣ ይሻለዋል። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ያብጥና ያተኩሰዋል፤ ጉልበቱ ሲተወው ቁርጭምጭሚቱ ይቀጥላል። ሕመሙ ከመገጣጠሚያ መገጣጠሚያ ሲዞር “ወድቆ ነው”፣ “ብርድ ነው” ይባላል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ መገጣጠሚያውን ለቆ ሲሄድ የልብ በሮችን አቁስሎ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1944 አሜሪካዊው ዳኬት ጆንስ ምልክቶቹን በሥርዓት ካስቀመጠ ወዲህ ለመለየት መመሪያ አለን። መከላከያው ርካሽ ነው፦ የጉሮሮው ሕመም በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ ትኩሳቱን ማስቀረት ይቻላል። በየመንደሩ ግን እስከ ዛሬ እንጥል ይቆረጣል። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ይጨምራል፣ ዘጠኙ ቀን ደግሞ ያልፋል። ስለዚህ ነርሷ እናቲቱን “ጉሮሮውን አሞት ነበር?” ብላ አታቆምም፤ “እንጥሉ ተቆርጧል?” ትላለች፣ ሳትቆጣ፤ የተቆጣች ነርስ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን አትሰማምና።

ትኩሳቱ የያዘው ልጅ እንዳይደገምበት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለዓመታት ይወጋል። ወጊዋ ነርስ ናት፤ ስለዚህ ልጁን በየወሩ የምታየውም እሷ ናት። መርፌውን ከመውጋቷ በፊት ምቱን፣ ትንፋሹንና እግሩን ካየች ልብ እየደከመ መሆኑን ከማንም ቀድማ ትደርስበታለች። ይህ ለደኅንነቱም ያስፈልጋል፦ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳሰበው፣ ቫልቩ ክፉኛ የተጎዳ በሽተኛ ከመርፌው በኋላ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል፣ መንስኤውም ሁልጊዜ አለርጂ አይደለም፤ ለእንዲህ ያለው በሽተኛ የሚዋጥ መድኃኒት የተሻለ ሊሆን ይችላል። ባዶ ሆዱን የመጣ ልጅ ቀምሶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ተኝቶ ይወጋ። አንዴ ቫልቩ ከተበላሸ መንገዱ ረጅም ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከል በዶክተር በላይ አበጋዝ ብርታት ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ቢጀምርም፣ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

ጡት የሚጠባ ሕፃን ደግሞ ደረጃ አይወጣም፣ ውሃም አይቀዳም። የእሱ ዳገት ጡት መጥባት ነው። እናቲቱ “ይዞ ይለቃል፣ ያልበዋል፣ ሳይጠግብ ይተኛል” ካለች፣ የልብ ጉድለት ያለበት ሕፃን ምን እንደሚመስል ገልጻለች። ኪሎ አለመጨመሩ ይህን ያጠናክረዋል።

እናቲቱንም መርሳት አይገባም። ከእርግዝናው የመጨረሻ ወር አንሥቶ ከወለደች እስከ አምስት ወር ድረስ የሴት የልብ ጡንቻ ያለ ሌላ ምክንያት ሊደክም ይችላል። እግሯ ቢያብጥ “እርግዝና ነው”፣ ብትደክም “አራስ ናት፣ እንቅልፍ አጥታ ነው” ይባላል። ገንፎው፣ ሙቁ፣ ጠያቂው ሁሉ አለ፤ ትንፋሿን የሚያስተውል የለም። ለክትባት ስትመጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፦ “ሌሊት ተጋድመሽ ነው የምታጠቢው ወይስ ተቀምጠሽ?” ስጋደም ያፍነኛል ካለች ልጁ ተከትቦ እሷ ሳትታይ መመለስ የለባትም።

በዕድሜ የገፋው ሰው ላይ ደግሞ ልብ ጨጓራ ይመስላል። ከእምብርት በላይ ያቃጥላል፣ ያስመልሳል፣ ሰውየው ተልባ ይጠጣል፣ የጨጓራ ኪኒን ይገዛል። ነርሷ “ቦታውን በእጅዎ ያሳዩኝ” ትለዋለች። በአንድ ጣት ጫፍ አንዲት ነጥብ የሚያሳይ ሰው ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከጡንቻ ወይም ከጎን አጥንት ነው፤ መዳፉን ወይም ጭብጡን ደረቱ ላይ የሚያሳርፍ ግን ያስፈራል። ከዚህ ጋር ቀዝቃዛ ላብ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚያነሣው ኢሲጂ ያለበት ቦታ ከደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሊነሣ ይገባል። ስኳር ያለባቸውና ሴቶች ደረታቸውን ሳያማቸው ድካም፣ ማቅለሽለሽ ወይም ትንፋሽ ማጠር ብቻ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ የስኳር በሽተኛ “ዛሬ ድክም አለኝ” ሲል እንደ ደረት ሕመም ይቆጠር እላለሁ። ኢሲጂው ሲነሣም የመጀመሪያዎቹ ሁለት የደረት ገመዶች አራተኛው የጎን አጥንት ሥር፣ ከደረት አጥንቱ ቀኝና ግራ መለጠፍ አለባቸው። ከፍ ብለው ከተለጠፉ የሌለ በሽታ ይጽፋሉ፣ ያለውንም ይደብቃሉ።

የልብ በሽተኛ በተደጋጋሚ የሚጎዳበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ግሉኮስ ነው። ደክሞኛል የሚል ሰውና ቤተሰቡ “ሲስተር፣ እባክሽ ግሉኮስ ይሰቀልለት” ይላሉ። ደክሞ ለመጣ ሁሉ እንዲሰቀል የለመደ አገር ስለሆነ እምቢ ማለት እንደ ጭካኔ ይታያል። ውሃ ማውጣት ባቃተው ልብ ላይ አንድ ሊትር መጨመር ግን በሽተኛውን በራሱ ሳንባ ማስጠም ነው። ከመስቀሏ በፊት አንገቱንና እግሩን አይታ የሳንባውን ሥር ያዳመጠች ነርስ ይህን ታስቀራለች፤ ለቤተሰቡም “ድካሙ ፈሳሽ በዝቶበት ነው፣ ማውጣት ነው ያለብን” ብላ ታስረዳለች።

የፈሳሹ ሂሳብ በሚዛን ይያዛል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ የጨመረ የልብ በሽተኛ አልወፈረም፣ ውሃ ቋጥሯል። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ፣ በአንድ ሚዛን መለካት አለበት። ሚዛን የሌለው ቤት ጫማው መጥበቡን፣ ቀበቶው ቀዳዳ መለወጡን ያያል። በክትትል ቀን ኪኒኑ ለምን እንደተቋረጠም መጠየቅ አለበት፦ ጾም ስለገባ ጠዋት የሚዋጠው ቀርቶ ይሆናል፣ ጸበል ገብቶ ይሆናል፣ ብር አልቆ ይሆናል። ለጾመኛው ሰዓቱ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ሊስተካከል ይችላል፤ ጸበሉ ላይ ያለውም “ሁለቱን አብረው ያስኪዱ” ሲባል ብዙ ጊዜ እሺ ይላል።

በሽተኛው ሪፈር ሲደረግ ቁጭ እንዳለ፣ እግሩን ወደ ታች ለቆ፣ ኦክስጅን ከጎደለው ኦክስጅን ተደርጎለት ይሄዳል፤ አምቡላንሱ ውስጥ ማስተኛት አይገባም። ወረቀቱ ላይ “የልብ ሕመም፣ ለበለጠ ሕክምና” ብሎ መላክ ተቀባዩን ከዜሮ እንዲጀምር ያደርገዋል። መጻፍ ያለበት ስንት ሰዓት ላይ ምን እንደታየ ነው፦ ምቱ በማዳመጫና በእጅ፣ ትንፋሹ በደቂቃ፣ ግፊቱ በየትኛው ክንድ፣ ኦክስጅኑ ከመሰጠቱ በፊትና በኋላ፣ ፈሳሽ በሽንት የሚያስወጣው ላሲክስ ስንት ሚሊግራም በስንት ሰዓት እንደተሰጠና ከዚያ ወዲህ ስንት ሽንት እንደወጣ፣ ጋደም ሲል ያፍነው ከጀመረ ስንት ሳምንት እንደሆነው። ወረቀቱን ይዞ የሚሄደው አብሮት የሚጓዘው ነርስ ነው፤ የሚያስረክበውም ለተረኛው በእጁ፣ ቁጥሮቹን በቃሉ ጭምር እየነገረው ነው።